የማይታየውን ኃይል ማየት፦ ከአያ ሶፊያ ጉልላት እስከ ሰው አንጎል



ሰው ግድግዳን ያያል፤ ግድግዳው የተሸከመውን ጫና ግን አያይም። ጉልላትን ቀና ብሎ ያደንቃል፤ ጉልላቱ ምሰሶዎቹን ወደ ውጭ የሚገፋበትን ኃይል ግን አያይም። የገዛ ጭንቅላቱን በእጁ ይዳስሳል፤ በውስጡ ያሉት የነርቭ ክሮች ከየት ወዴት እንደሚሄዱ ግን አያውቅም። አላህ (ሱ.ወ.) ከፈጠራቸው ነገሮች ውስጥ ለዓይናችን የተገለጠው ጥቂቱ ነው። ሆኖም የሰው ልጅ በተሰጠው አእምሮ ከዚህ ስውር ነገር የተወሰነውን በሥዕልና በቀለም አውጥቶ ለማየት ለብዙ መቶ ዓመታት ደክሟል። በዚህ ጽሑፍ የዚያን ድካም ታሪክ በአጭሩ እናቀርብላችኋለን። በመጨረሻም ከታሪኩ ለእኛና ለቤተሰቦቻችን የሚሆን አንድ ቁም ነገር እናወጣለን። የተጠቀሱት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ዓይንም ይሳሳታል

ነገሩን ከዓይን እንጀምር። በ965 ገደማ በበስራ የተወለደውና በ1040 ገደማ በካይሮ ያረፈው ኢብኑል ሀይሠም፣ ስለ ብርሃንና ስለ ማየት «ኪታቡል መናዚር» የተሰኘ ባለ ሰባት ክፍል መጽሐፍ ጽፏል። መጽሐፉ ወደ ላቲን ተተርጉሞ በ1572 በባዝል ከተማ ታትሟል፤ የአውሮፓ ሊቃውንትም ለብዙ ዘመን ተምረውበታል። ብዙዎቻችን ኢብኑል ሀይሠምን የምናስታውሰው ብርሃን ከዕቃው ወደ ዓይን እንደሚመጣ እንጂ ከዓይን ወደ ዕቃው እንደማይወጣ በማስረዳቱ ነው። ነገር ግን ለዛሬው ርዕሳችን የሚበልጠው ሌላ ሥራው ነው። የመጽሐፉን ሦስተኛ ክፍል በሙሉ ያዋለው ዓይን እንዴት እንደሚሳሳት ለመመርመር ነው። ነገሩ ከመጠን በላይ ሲርቅ፣ ብርሃኑ ሲደበዝዝ፣ የምናይበት ጊዜ ሲያጥር ወይም ዓይን ሲታመም ያየነው ነገር ካለው እንደሚለይ አንድ በአንድ ዘርዝሯል። ስለዚህ ማየት ብቻውን ማወቅ አይደለም፤ ያዩትን መመዘን ያስፈልጋል ማለት ነው።

ከእሱ ሦስት መቶ ዓመት ገደማ በኋላ የመጣው ፋርሳዊው ከማሉዲን አልፋሪሲ የኢብኑል ሀይሠምን መጽሐፍ አብራርቶ ጻፈ። ቀስተ ደመና እንዴት እንደሚፈጠር ለማወቅ በፈለገ ጊዜ አንድ ችግር ገጠመው። የዝናብ ጠብታ ትንሽ ናት፤ ትወድቃለች፤ ብርሃን በውስጧ ምን እንደሚሆን ማየት አይቻልም። ስለዚህ ክብ የመስተዋት ዕቃ በውሃ ሞልቶ እንደ ትልቅ ጠብታ አቆመው፤ ብርሃንም አሳልፎበት መንገዱን ተከታተለ። በቀጥታ የማይታየውን ነገር በሌላ ምሳሌ ሠርቶ ማየት የሚባለው ዘዴ ይህ ነው። ይህን ዘዴ ያዙልን፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

ጉልላቱ ለምን ወደቀ?

በቁስጥንጥንያ፣ በዛሬዋ ኢስታንቡል፣ ከ532 እስከ 537 በሮማው ንጉሥ ዩስቲንያኖስ ዘመን የተሠራችው አያ ሶፊያ 31 ሜትር ያህል ስፋት ያለው ጉልላት ነበራት። ከተማዋን የመሬት መንቀጥቀጥ ካናወጣት በኋላ ጉልላቱ በ558 ወደቀ። ሁለተኛው ጉልላት ከፊተኛው 6 ሜትር ያህል ከፍ ተደርጎ በ562 ተጠናቀቀ። ጠፍጣፋ ጉልላት ምሰሶዎቹን ወደ ውጭ በብርቱ ይገፋል፤ ከፍ ያለ ጉልላት ግን ግፊቱን ወደ ታች ያዞረዋል። በ989 እና በ1346 ደግሞ የጉልላቱ ከፊል እንደገና ፈረሰ። ድንጋዩም ጡቡም ሁሉ በዓይን የሚታይ ነበር፤ የማይታየው በውስጡ የሚተላለፈው ኃይል ነበር።

ከተማዋ በ1453 በሙስሊሞች እጅ ገባች፤ አያ ሶፊያም መስጊድ ሆነች። ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ በ1570ዎቹ የኦስማናውያን ዋና መሐንዲስ የነበረው ሲናን አዳዲስ ደጋፊ ግንቦች እየጨመረ አጠናከራት። ሲናን ከዚያ በፊት፣ ከ1550 እስከ 1557፣ የሱለይማንያን መስጊድ ሠርቶ ነበር። በዚያ መስጊድ ትልቁ ጉልላት በሁለት ግማሽ ጉልላቶች ተደግፏል፤ በአራቱ ዋና ምሰሶዎች አናት ላይም ከባድ የድንጋይ ማማዎች ተጭነዋል። የማያውቅ ሰው ማማዎቹን ለጌጥ የቆሙ ይመስሉታል። ሥራቸው ግን በክብደታቸው ምሰሶውን ወደ ታች መጫን ነው፤ ከጉልላቱ ወደ ውጭ የሚመጣው ግፊት አቅጣጫውን ቀይሮ ወደ መሬት እንዲወርድ ያደርጋሉ። ሲናን ይህን ያወቀው በረጅም ልምድ፣ የቀደሙትን ሕንጻዎች በማጥናትና በአላህ እገዛ ነው። በድንጋዩ ውስጥ ያለውን ኃይል የሚያሳይ ሥዕል ግን አልነበረውም፤ በእሱ ዘመን ማንም አልነበረውም።

አንድ ነጥብ፣ ስድስት ቁጥሮች

ይህ ኃይል ለመሳል ለምን አስቸገረ? በቤታችሁ አንድ ሻሽ ውሰዱና ሁለት ሆናችሁ ተቃራኒ ማዕዘኖቹን ጎትቱ። ሻሹ ከእጅ እስከ እጅ ባለው መስመር ይወጠራል፤ በሌላው አቅጣጫ ግን ይሸበሸባል። በመካከሉ ያለችው አንዲት ነጥብ በአንድ በኩል ተወጥራለች፣ በሌላ በኩል ላልታለች። «ይህች ነጥብ ምን ያህል ተወጥራለች?» ብሎ ለሚጠይቅ ሰው አንድ ቁጥር መስጠት አይቻልም፤ «በየት በኩል?» ብሎ መልሶ መጠየቅ ግድ ነው።

የአንድ ክፍል ሙቀት በአንድ ቁጥር ይነገራል። ነፋስ ደግሞ በፍጥነቱና በሚነፍስበት አቅጣጫ ይነገራል። በድንጋይ፣ በብረት ወይም በአጥንት ውስጥ ያለው ኃይል ግን ከሁለቱም ይለያል፤ በምትጠይቁት አቅጣጫ ሁሉ መልሱ ይለዋወጣልና። ፈረንሳዊው የሒሳብ ሊቅ ኦጉስተን ሉዊ ኮሺ በ1822 ለፓሪስ የሳይንስ አካዳሚ ባቀረበው ጥናት፣ በአንዲት ነጥብ ላይ ያለውን ይህን ሁሉ መልስ ስድስት ቁጥሮች ብቻ ጠቅልለው እንደሚይዙት አሳየ። በተጨማሪም በየትኛዋም ነጥብ ላይ እርስ በርሳቸው ቀጥ ብለው የሚገናኙ ሦስት ዋና አቅጣጫዎች አሉ፤ በእነዚህ አቅጣጫዎች ያለው ኃይል ንጹሕ ግፊት ወይም ንጹሕ ውጥረት ነው። እንዲህ ያለው የቁጥሮች ስብስብ ዛሬ «ቴንሰር» ይባላል። ቃሉ «መወጠር» ከሚል የላቲን ቃል የመጣ ነው፤ በዛሬው ትርጉሙ የተጠቀመበትም ጀርመናዊው ፎይክት በ1898 ነው።

እንግዲህ አስቡት። አንድን ሕንጻ በአሥር ሺህ ነጥቦች ብንመረምር ስድሳ ሺህ ቁጥሮች እናገኛለን። ይህን ሰንጠረዥ አንብቦ ጉልላቱ የት ላይ ሊሰነጠቅ እንደሚችል የሚያውቅ ዓይን የለም። ስለዚህ ቁጥሩን ወደ ሥዕል መለወጥ አስፈለገ። ለዚህም ሦስት መንገዶች ተገኙ፦ ቀለም፣ መስመርና የእንቁላል ቅርጽ።

ቀለም

የመጀመሪያው መንገድ የተገኘው ከኮሺ ጥናት በፊት ነው። ስኮትላንዳዊው ዴቪድ ብሩስተር በ1815 አካባቢ አንድ ነገር አስተዋለ። ተራ መስተዋት ተጭኖ ሳለ፣ በአንድ አቅጣጫ ብቻ እንዲርገበገብ የተደረገ ብርሃን ቢያልፍበትና በተመሳሳይ ማጣሪያ ቢታይ፣ በውስጡ የቀስተ ደመና ቀለሞች ይወጣሉ። ጫናው ሲነሳ ቀለሞቹም ይጠፋሉ። ብሩስተር የድልድይ ቅስቶችን በመስተዋት አስመስሎ በመሥራት በውስጣቸው ያለውን ኃይል ማየት እንደሚቻል ሐሳብ አቀረበ፤ በዘመኑ የነበሩ መሐንዲሶች ግን አልተጠቀሙበትም። ጄምስ ክለርክ ማክስዌል ገና በወጣትነቱ፣ በ1850 ባቀረበው ጥናት፣ ጄላቲን እያጠማዘዘ በቀለሞቹ አማካይነት የውስጡን ኃይል ለካ።

ይህን በቤታችሁ ልትሞክሩት ትችላላችሁ። የኮምፒዩተር ስክሪን ነጭ አድርጋችሁ፣ የልጆቻችሁን ግልጽ የፕላስቲክ ማስመሪያ በፊቱ ያዙ። ከዚያም ፖላራይዝድ በሚባለው የፀሐይ መነጽር እያያችሁ መነጽሩን ቀስ ብላችሁ አዙሩት። ቀለም የለውም ያላችሁት ፕላስቲክ ውስጥ ቀይና ሰማያዊ መስመሮች ይታያሉ። ፋብሪካ ውስጥ ቀልጦ ሲፈስና ሲቀዘቅዝ በውስጡ ታስሮ የቀረ ውጥረት ነው።

በ20ኛው ክፍለ ዘመን በፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ያስተምር የነበረው ሮበርት ማርክ፣ የአውሮፓን የመካከለኛው ዘመን ካቴድራሎች ቅርጽ በፕላስቲክ ሠርቶ በዚሁ ዘዴ መረመራቸው። ፕላስቲኩን ጭነት ላይ አድርጎ ያሞቀዋል፤ ሲቀዘቅዝ የኃይሉ ምልክት በውስጡ እንደታሰረ ይቀራል። በፈረንሳይ በአሚየን ካቴድራል ለጌጥ ብቻ የቆሙ ይመስሉ የነበሩ ሹል ድንጋዮች፣ ደጋፊው ግንብ በመገጣጠሚያው እንዳይከፈት የሚረዱ ሆነው ተገኙ። የሲናን ማማዎች ምሥጢርም ከዚህ የራቀ አይደለም። ማርክ ከአሕመት ቻክማክ ጋር ሆኖ በኋላ አያ ሶፊያን ራሷን በኮምፒዩተር አጥንቷል፤ የሁለቱ የጥናት መጽሐፍም በ1992 ታትሟል። የከማሉዲን የውሃ ጠብታ በሌላ መልክ ተመልሳ መጣች ማለት ነው።

ነገር ግን ልብ በሉ! በመስተዋት ውስጥ የሚወጣው ቀለም የሚናገረው በሁለቱ ዋና አቅጣጫዎች ኃይል መካከል ያለውን ልዩነት ብቻ ነው። ግፊት ይሁን ውጥረት ብቻውን አይነግረንም። በሁለቱም አቅጣጫ እኩል የተጨነቀ ቦታ ምንም ጫና እንደሌለበት ቦታ ጨለማ ሆኖ ይታያል። ጨለማውን አይቶ «እዚህ ሰላም ነው» ያለ መሐንዲስ ተሳስቷል። ሥዕሉ አልዋሸም፤ ያልተጠየቀውን ግን አልመለሰም።

መስመር

ሁለተኛው መንገድ ዋና አቅጣጫዎቹን ከነጥብ ወደ ነጥብ እየተከተሉ መስመር መሳል ነው። በዙሪክ ያስተምር የነበረው መሐንዲስ ካርል ኩልማን በዚህ ሥራ የታወቀ ነበር። በ1866 የአካል ጥናት ሊቁ ሄርማን ፎን ማየር ለሁለት የተሰነጠቀ የሰው የጭን አጥንት ባሳየ ጊዜ፣ ኩልማን በአጥንቱ ራስ ውስጥ ያሉት ስስ የአጥንት ዘንጎች አሰላለፍ ለክሬን ከሚስላቸው የኃይል መስመሮች ጋር መመሳሰሉን አስተዋለ። አላህ የሰውን አጥንት ሲያበጅ ጫናው በሚያልፍበት መንገድ ዘንጎቹን አሰልፏል። ከዚያ ወዲህ የመጡ ተመራማሪዎች መመሳሰሉ ሙሉ እንዳልሆነ አሳይተዋል፤ የሥዕሉ መስመሮች ሁልጊዜ ቀጥ ባለ ማዕዘን ሲገናኙ የአጥንቱ ዘንጎች ግን ሁልጊዜ እንደዚያ አይደሉም። ቢሆንም አጥንት በሚሸከመው ጫና መሠረት ራሱን እንደሚያድስ ዛሬ የታወቀ ነገር ነው።

ይህን እውቀት በተግባር ካዋሉት ሙስሊሞች መካከል በ1929 በዳካ የተወለደው ፈዝሉር ረሕማን ኻን ይገኝበታል። በቺካጎ በ1970ዎቹ መጀመሪያ የተሠራው ባለ 110 ፎቅ የሲርስ ታወር ሕንጻ የእሱ የምሕንድስና ሥራ ነው። ለእኛ ቅርብ የሆነው ግን ሌላው ሥራው ነው። ከሀገራችን በአውሮፕላን ወደ ጅዳ የተጓዛችሁ ሑጃጆች፣ በንጉሥ ዐብዱልዐዚዝ አውሮፕላን ማረፊያ ያለውን ከነጭ ጨርቅ የተወጠረ የሑጃጆች ማረፊያ ታስታውሱታላችሁ። በ1981 የተከፈተው ይህ ማረፊያ እያንዳንዳቸው በየጎናቸው 45 ሜትር የሆኑ 210 ድንኳኖች አሉት። ጨርቅ መገፋትን አይችልም፤ መወጠርን ብቻ ይችላል። ስለዚህ መሐንዲሶቹ በመጀመሪያ ቅርጹን ወስነው ከዚያ ኃይሉን አላሰሉም፤ ጨርቁ በሁለቱም አቅጣጫ ተወጥሮ እንዲቀር የሚያስችለውን ቅርጽ በስሌት ፈለጉ። አንዱ አቅጣጫ ቢላላ ከላይ እንዳየነው ሻሽ ይሸበሸባል። ኻን ማረፊያው በተከፈተ በዓመቱ፣ በ1982፣ በዚያችው በጅዳ ከተማ ሕይወቱ አልፏል። አላህ ይዘንለት።

የእንቁላል ቅርጽ

ሦስተኛው መንገድ በእያንዳንዷ ነጥብ ላይ አንድ የእንቁላል ቅርጽ ማስቀመጥ ነው። ቅርጹ የረዘመበት ወገን ነገሩ የበረታበትን አቅጣጫ ያሳያል፤ እንደ ኳስ ክብ ከሆነ በሁሉም አቅጣጫ እኩል ነው ማለት ነው። ይህ ዘዴ ከድንጋይና ከብረት ወጥቶ ወደ ሆስፒታል የገባው በ1990ዎቹ ነው።

አንድ ጠብታ ቀለም በወረቀት ላይ ብታንጠባጥቡ ክብ ሆኖ ይሰፋል። ክሩ ወደ አንድ ወገን በተሰለፈ ጨርቅ ላይ ብታንጠባጥቡት ግን በክሩ አቅጣጫ ይረዝማል። በአንጎላችን ውስጥ ያለው ውሃም እንዲሁ ነው፤ በነርቭ ክሮች ርዝመት ይቀለዋል፣ በጎን ግን ይከላከሉታል። በ1994 ፒተር ባሰርና ባልደረቦቹ በኤም አር አይ መሣሪያ የውሃውን እንቅስቃሴ ቢያንስ በስድስት አቅጣጫ ለክተው በየነጥቡ ስድስት ቁጥር ማግኘት እንደሚቻል አሳዩ። የኮሺ ስድስት ቁጥሮች በሌላ ሥራ ተመለሱ። በ1990ዎቹ መጨረሻ ደግሞ የእንቁላሎቹን ረጅም ወገን ከነጥብ ወደ ነጥብ እየተከተሉ የነርቭ መንገዶችን መሳል ተጀመረ። በልማድ ከግራ ወደ ቀኝ የሚሄደው በቀይ፣ ከፊት ወደ ኋላ የሚሄደው በአረንጓዴ፣ ከታች ወደ ላይ የሚሄደው በሰማያዊ ይቀለማል። የአንጎል ዕጢ የሚያወጡ ሐኪሞች የንግግርና የእንቅስቃሴ መንገዶችን ላለመቁረጥ በእነዚህ ምስሎች ይረዳሉ። ጭንቅላት ሳይከፈት ይህን ያህል ማየት ትልቅ ኒዕማ ነው፤ አልሐምዱሊላህ።

ሆኖም ምስሉን የሚሠራው መሣሪያ በአንድ ነጥብ የሚለካው ቦታ በየጎኑ ሁለት ሚሊ ሜትር ያህል ነው፤ በዚያ ውስጥ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ክሮች ሊኖሩ ይችላሉ። ሁለት የክር ጭፍሮች በዚያ ቦታ ቢሻገሩ አንድ እንቁላል ሁለቱን ሊያሳይ አይችልም፤ በመካከላቸው አማካይ ወስዶ ያልነበረ አቅጣጫ ሊያመለክት ይችላል። በ2013 የወጣ ጥናት እንዲህ ያለ የተወሳሰበ አሰላለፍ ከአንጎል ነጭ ክፍል ውስጥ ከ63 እስከ 90 በመቶ በሚሆነው እንደሚገኝ ገምቷል። በ2017 የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ መልሱ አስቀድሞ የታወቀ ፈተና ለ20 የምርምር ቡድኖች ሰጠ። ቡድኖቹ 96 ሥራዎችን አቀረቡ። ከእውነተኞቹ የነርቭ መንገዶች አብዛኞቹ ተገኙ፤ ከእነሱ ጋር ግን ከእውነተኞቹ የሚበዙ፣ የሌሉ መንገዶች ተሳሉ። ከሐሰተኞቹ ውስጥ ግማሽ ያህሉ በተለያዩ ቡድኖች ሥራ ላይ ተደጋግመው ታዩ።

ምስልና ሰነድ

ውድ አንባቢያን፣ ታሪኩን የተረክንላችሁ ሳይንስን ለማሳነስ አይደለም። ጉድለቱን ለክተው ያጋለጡት ራሳቸው የዘርፉ ሰዎች ናቸው፤ ይህም የሚያስመሰግን አማና ነው። የሚያስፈራው ያማረ ቀለም ያለበትን ምስል ያየ ሰው መጠየቅ ማቆሙ ነው። «በዓይኔ አየሁት» ይላል። ያየው ግን አንጎሉን አይደለም። መሣሪያው የውሃውን እንቅስቃሴ ለካ፤ ልኬቱ ወደ ስድስት ቁጥር ተለወጠ፤ ቁጥሩ ወደ እንቁላል፣ እንቁላሉ ወደ መስመር፣ መስመሩ ወደ ቀለም ተለወጠ። አምስት አስተላላፊዎች አሉ ማለት ነው።

የእኛ ዑለማ በዚህ ጉዳይ ከማንም የሚቀድም ትምህርት ትተውልናል። አንድ ሐዲስ ሲነገራቸው መትኑ ስላማረ ብቻ አልተቀበሉትም፤ ከማን ሰማህ? እሱስ ከማን ሰማ? እያሉ ሰነዱን እስከ መጨረሻው መረመሩ። በመካከል አንድ ደካማ አስተላላፊ ካለ ሐዲሱ ይደክማል። ብዙ ሰዎች ቢያወሩትም ሁሉም ከአንድ ሰው የወሰዱት ከሆነ ምስክርነታቸው የአንድ ሰው ምስክርነት ነው። የሃያዎቹ ቡድኖች ስህተት መደጋገምም ከዚህ ጋር ይመሳሰላል፤ ሁሉም ሥራቸውን የጀመሩት ከአንድ ዓይነት ልኬት ነበርና የልኬቱ ድካም ሁሉንም ተከተላቸው።

እንግዲህ ከእናንተ አንዱ የልጁን ወይም የወላጁን የአንጎል ምስል በሐኪም ፊት ያየ እንደሆነ አይደንግጥ፤ ዝም ብሎም አይመለስ። በአደብ ሦስት ጥያቄ ይጠይቅ። በመሣሪያው የተለካው ምንድን ነው? ምስሉ ሲሠራ በግምት የተሞላው የትኛው ነው? በሌላ መንገድ፣ በሕመም ምልክቱ ወይም በሌላ ምርመራ ተመሳክሯል ወይ? ደግ ሐኪም በጥያቄው አይቆጣም። ልጆቻችሁም በመጽሐፍ ወይም በስክሪን ላይ በቀለም የደመቀ ሥዕል ባሳዩአችሁ ጊዜ «ማሻአላህ» በሏቸውና «ይህ ሥዕል ከምን ተሠራ?» ብላችሁ ጠይቋቸው።

ሲናን ሥዕል አልነበረውም፤ የሠራው መስጊድ ግን እስከ ዛሬ ቆሟል። እኛ ሥዕሉ ሞልቶናል። ያዩትን በጥንቃቄ ከሚመዝኑት ባሮቹ አላህ ያድርገን። አሚን።

ወላሁ አዕለም።